በርሙዳ አልበላቸውም

ሰሞኑን አንድ የዩቲዩብ ተራኪ የሚያስፈራ ሙዚቃ ከኋላ ከፍቶ የ«በረራ 19»ን ታሪክ ሲያወራ ሰማሁት። አምስት የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች የበርሙዳ ትሪያንግል በሚባለው የአትላንቲክ ክፍል ተሰወሩ፣ ሳይንስም መልስ የለውም አለን። ኧረ ተው!

ዋናው ማስረጃው ኮምፓስ ነው። የመሪው የሌተናንት ቻርልስ ቴይለር ኮምፓሶች ሁለቱም እምቢ አሉ፣ ስለዚህ እዚያ አንድ ስውር ኃይል አለ። ታዲያ አብረውት የበረሩት ተማሪ አብራሪዎቹ «ወደ ምዕራብ ብንሄድ እኮ ቤታችን እንገባለን» ሲባባሉ በሬዲዮ የተሰማው እንዴት ነው? ስውሩ ኃይል እነሱን ረሳቸው?

ነገሩ ግልጽ ነው። ዲሴምበር 5 ቀን 1945 ከቀኑ 8 ሰዓት እንዳለፈ ፍሎሪዳ ካለው ከፎርት ላውደርዴል ተነሡ። ሥልጠናው ወደ ምሥራቅ ሄዶ፣ ቦምብ መጣል ተለማምዶ፣ በባሃማስ በኩል ዞሮ መመለስ ነበር። ቴይለር በቅርቡ ከማያሚ የተዛወረ ሰው ነው፤ ከፍሎሪዳ ደቡብ ጫፍ ወደ ምዕራብ የተዘረጉትን የኪይስ ደሴቶች አሳምሮ ያውቃቸዋል። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው። ከታች ያያቸውን ደሴቶች ኪይስ ናቸው ብሎ ደመደመ። ኪይስ ላይ ቢሆን ኖሮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መብረሩ ልክ ነበር፤ ባሃማስ ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መብረር ግን ቀጥ ብሎ አትላንቲክ ውስጥ መግባት ነው። አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲል መሸ፣ ባሕሩ ተናወጠ፣ ነዳጁ ተመናመነ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ነዳጅ ከ10 ጋሎን በታች ሲወርድ ሁላችንም አብረን እንወርዳለን ብሎ ማዘዙ ሳይቀር ተመዝግቧል። 14 ሰው። ከዚህ በላይ ምን ምሥጢር ትፈልጋላችሁ?

«ልምድ ያላቸው አብራሪዎች» የሚለውማ ያስቃል። ልምድ የነበረው ቴይለር ነው፣ አራቱ ሠልጣኞች ናቸው።

ፍለጋ ወጥቶ 13 ሰው ይዞ የቀረው ማሪነር አውሮፕላንም «ተሰወረ» ተብሏል። ጋይንስ ሚልስ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ነበልባሉን አይታለች፣ ውሃው ላይ የተንሳፈፈውንም ዘይት አይታለች። ተራኪያችን ይቺን ዘለላት። እሳት ምሥጢር አይሆንለትማ!

ፍርስራሹ እስከ ዛሬ አልተገኘም፣ እሺ። ግን እንደዚያ ያለ ከባድ አውሮፕላን በጨለማ ማዕበል ላይ ወርዶ ይንሳፈፍ ነበር እንዴ?

የሚያናድደኝ ባሕር ኃይሉም ነው። መርማሪዎቹ መጀመሪያ ቴይለርን ጥፋተኛ አድርገው ነበር፤ እናቱ ቢሟገቱ በ1947 «ምክንያቱ ያልታወቀ» ተብሎ ተቀየረ። ለእናት ማዘን ደግ ነው፣ ግን ማስረጃው አልተቀየረም። የዩቲዩብ ሰዎች ከዚያ ሁሉ የምርመራ ወረቀት አንስተው የሚያነቡልን ይቺኑ ሁለት ቃል ብቻ ነው።