የእግር መንገድ እንግሊዝ አገርና ሰሜን ሸዋ

እንግሊዝ አገር ወደ ገጠር ወጣ ብሎ በእግሩ የሄደ ሰው፣ የግል በሆነ የስንዴ ማሳ መካከል ባለቤቱን ሳያስፈቅድ የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ያገኛል። አጥር ሲያጋጥመው የእንጨት መወጣጫ አለለት፤ መገንጠያ ላይ ሲደርስ እግረኛን የሚመራ ቢጫ ቀስት ግንድ ላይ ተመትቶ ያያል። በእንግሊዝና በዌልስ እንዲህ ያለው ለሕዝብ ክፍት የሆነ መንገድ ሲደመር ከ220 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገበሬው ለዘር ሲያርስ ማሳውን የሚያቋርጠውን መንገድ ገልብጦት ቢያልፍ እንኳ በ14 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲያስተካክል ሕግ ያስገድደዋል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን መንገዱ ሕጋዊ የሚሆንበት አኳኋን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የአውራ ጎዳናዎች ሕግ መሠረት፣ ሕዝብ በግልጽና ያለ ከልካይ 20 ዓመት ከተመላለሰበት፣ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር ባለመሬቱ መንገዱን ለሕዝብ እንደሰጠ ይቆጠራል።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው ደጋ ላይ ደግሞ ቀስትም ካርታም የለም። መንገዱ በገብስና በባቄላ ማሳ ዳር ዳር ይሄዳል፤ ወንዝ ሲደርስ ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል፤ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፍም ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ይሳለማል። ይህን መንገድ ክፍት አድርጎ የሚያኖረው ጥያቄ ነው። ሰላሙ ሳይደፈርስ በነበረ ጊዜ በዚያ ስሄድ፣ ጋቢ ደርበው በዱላቸው የተደገፉ አንድ አዛውንት አስቆሙኝና ከሰላምታው በኋላ «ልጄ፣ ከብት ጠፍቶህ ነው?» አሉኝ። «የለም አባቴ፣ አገሩን ልይ ብዬ ነው» ስላቸው ጥቂት አሰቡና «ማዶ ዘመድ አለህ?» ብለው ጠየቁ። ዘመድም እንደሌለኝ ሲረዱ፣ በስተግራ ካለው ግቢ ክፉ ውሻ እንዳለ ነግረውኝ፣ በግ ይጠብቅ የነበረውን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው እስከ ወንዙ እንዲሸኘኝ አዘዙት። ባዶ እጁን ሽቅብ የሚወጣ ሰው ምክንያት ሊኖረው ግድ ነበር፤ ባይኖረውም ግን መንገዱን አልከለከሉትም።

እንግሊዛዊው መንገደኛ አጭር ሰላምታ ሰጥቶ፣ ስለ ዝናቡ አንድ ቃል ጣል አድርጎ፣ ውሻውን እየጠራ ያልፋል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ወይም ወዴት እንደምሄድ አይጠይቅም። መጀመሪያ ላይ ይህ ትልቅ ነጻነት ሆኖ ታይቶኝ ነበር፤ አሁንም ነጻነት ነው እላለሁ። ይሁንና ቀኑን ሙሉ በሕግ ተፈቅዶልኝ ሄጄ ማንም እንዳለፍኩ ሳያውቅ የምመለስበት ጊዜ አለ። (በመጠየቅ የሚሰለች ሰው ሰሜን ሸዋን በእግሩ ባይሞክር ይሻለዋል።)

ይህን ስል የእኛን ገጠር ማቆንጀቴ አይደለም። በዚያ ደጋ ላይ በእግር መሄድ ሥራ ነው። ሴቶች ኩበት የጫኑ አህዮች እየነዱ በማለዳ ብርድ ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ ልጆች ሩቅ ትምህርት ቤት ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ ውኃ የሞላ ጀሪካን በጀርባዋ ያዘለች ልጅ የአካባቢውን ውበት ቆማ አታይም። የእንግሊዝ መንገዶችም ብዙዎቹ የተጀመሩት እንዲሁ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ገበያ በሚሄድ ሰው እግር ተረግጠው የወጡ ናቸው። ያ መንገደኛ በባቡርና በመኪና ተተክቶ ሲቀር መንገዱ ሊጠፋ ይችል ነበር፤ ያተረፈው ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሠራተኞች ለባላባት አደን ተከልሎ ወደነበረው የኪንደር ስካውት ተራራ በአንድነት ወጡ፤ አንዳንዶቹም በዚሁ ሰበብ ታሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣው ሕግ ደግሞ የየአካባቢው አስተዳደር የእግር መንገዶቹን በካርታ እንዲመዘግብ ታዘዘ።

የእኛ መንገደኛም እየቀነሰ ነው። ጠጠር መንገድ በገባበት ሁሉ ባጃጁና ሚኒባሱ ተከትለው ይመጣሉ፤ ይህም ለነፍሰ ጡሯና ለታማሚው ትልቅ እፎይታ ስለሆነ ማንም ሊጠላው አይገባም። ነገር ግን ከአንኮበር ገደል ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ካለው ከታጁራ ጠረፍ የመጡ ነጋዴዎች የወጡበት መንገድ፣ ደጋውን ከቆላው ያገናኘው በእግረኛና በጭነት ከብት ነው። ዛሬ አቋራጩን ሁሉ የሚያውቁት ሽማግሌዎችና እረኞች ናቸው።

እነዚህን መንገዶች ለመመዝገብ የፈረንጅ ሕግ መቅዳት አያስፈልግም። መንዝ ውስጥ የጓሳ ሣር የሚታጨድበትና የሚዘጋበት ጊዜ ቄሮ በሚባል የአካባቢው ባህላዊ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ሲወሰን ኖሯል፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ በኋላ በአዲስ መተዳደሪያ ጥበቃውን መልሶ አቁሞታል። ለመንገዱም መነሻ የሚሆን ወረቀት በየገበሬው ቤት አለ፤ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ አዋሳኝ ሲጻፍ በአንዱ በኩል ጎረቤት፣ በሌላው ወንዝ ወይም መንገድ ተብሎ ይሰፍራል። ያ መንገድ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ስፋቱም ስንት እንደሆነ የቀበሌው መሬት ኮሚቴ ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ቢጨምርበት፣ ነገ አንዱ ባለይዞታ አጥሩን ገፋ ሲያደርግ ጎረቤቱ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።