ሲሚንቶ ይዛችሁ አትምጡ

የጎንደር ልጆች፣ ስሙን። በጥምቀት ታቦት አጅባችሁ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ትወርዳላችሁ፤ ውሃው ሲረጭ ትሻማላችሁ። ውሃውን ያቀፈውን ግንብስ ማን ዞር ብሎ አየው? በማግስቱ ገንዳው ላይ የሚንሳፈፈው የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሰማይ አልወረደም፤ እኛው ነን የጣልነው።

ከጠርሙሱ የሚብሰው ግን ሲሚንቶ ነው። አፄ ፋሲለደስ በነገሡበት ዘመን (ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ.) የጎንደር ግንበኞች ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ግንቡ የጠጣውን እርጥበት መልሶ ያስተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። የታፈነው እርጥበት ጨው ተሸክሞ በድንጋዩ ፊት ይወጣል፤ ድንጋዩ እንደ ቅርፊት ይላጣል፤ ከሲሚንቶው ምርግ ኋላ ያለው አሮጌ ኖራ በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት ይረግፋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በነገሥታቱ ግንቦች ላይ የገባው ሲሚንቶ ኋላ በኖራ መተካት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ይህን እያወቅን ዛሬም ስንጥቅ ባየን ቁጥር «አንድ ኩንታል ሲሚንቶ አምጡ» ማለት ነውር ነው።

ለጥገና ስታዋጡ «ስንጥቁ በምን ሊሞላ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ 1 እጅ በውሃ ተዘፍዝፎ የሰነበተ ኖራ፣ 3 እጅ የታጠበ አሸዋ መሆን አለበት። አሸዋው ጭቃ ካለበት ምርጉ ይሰነጠቃል። ድንጋዩ አስቀድሞ ካልራሰ የኖራውን ውሃ ይመጠውና ምርጉ ሳይይዝ ይደርቃል። ከዚያም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቀስ እያለ ይጥና። ይህ ሁሉ የቅርስ ባለሙያ ባለበት ይሁን።

ግንቡን እንደ እባብ የተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮች ደግሞ መወጣጫ አይደሉም። ስትንጠለጠሉባቸው ካቡ ይላላል። ትልቁን ሥር ነቅላችሁ ብታወጡት ግንቡ አብሮ ይመጣል፤ ቆርጣችሁ ብትተዉት በስብሶ ባዶ ጉድጓድ ይሆናል። ከድንጋይ መሃል አዲስ የበቀለውን ግን ገና ጣት ሳያክል ንቀሉት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። በእንጨት ርብራብ ላይ መታጨቁም ይቅር፤ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት እዚያው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ስንት ወገን እንደቀበርን አንርሳ።

ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ በወራት ነው። በታኅሣሥ ጥድፊያ የተመረገው ገና ሳይጠና ገንዳው ለጥር ይሞላል፤ ኖራውም ታጥቦ ወለሉ ላይ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ሥራው ውሃው ከወጣና ግንቡ ከጠፈፈ በኋላ በየካቲት ይጀመር። በታኅሣሥ ለመዋጮ በራችሁን የሚያንኳኳ ቢመጣ ገንዘቡን ስጡት፤ ሥራውን ግን እስከ የካቲት አስቆዩት።