ከፏፏቴው በፊት ያለውን ቁልቁለት አትናቁት

በብስክሌት ወደ ፏፏቴው ስለመሄድ ያነበብኩት ጽሑፍ ደኑን የሚዞረውን የአስፋልት መንገድ ውበት አሪፍ አድርጎ ገልጾታል፣ ስለ እርጥበቱ ግን አንድም ቃል አላነሳም። ፏፏቴ አጠገብ ዝናብ ባይዘንብም አስፋልቱ ቶሎ አይደርቅም። ዛፉ ፀሐዩን ይከልለዋል፣ የረገፈው ቅጠል ደግሞ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እኔ አንዴ ቁልቁለቱ ላይ ኩርባ ውስጥ ገብቼ ፍሬን ስይዝ የኋላው ጎማ ሸርተት አለብኝና ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ፍሬን ከኩርባው በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው የሚያዘው። የጎማውንም ንፋስ ትንሽ ቀነስ አድርጉት፣ መንገዱን ያዝ ያደርጋል። ከፀሐይ ወደ ጥላ ስትገቡ ዓይን እስኪለምድ ጉድጓድ አይታይም፣ እዚያ ጋ ቀስ በሉ። ደግሞ በማለዳ ሂዱ! መኪና አይበዛም፣ የውሃው ድምፅ ፏፏቴውን ሳታዩት ከሩቅ ይሰማችኋል፣ ከዚያ ብናኙ ፊታችሁን ሲነካው የወጣችሁት ዳገት ሁሉ ይረሳችኋል።