የተደበቀ እንጂ የተቀበረ አንፈልግም

ከጥቂት ወራት በፊት፣ እሑድ ጠዋት፣ ከጅማ ከተማ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የቡና ማሳ ውስጥ አራት ሆነን፣ ጂኦካሺንግ በሚባለው ጨዋታ ሰው የደበቃትን ምሳ ዕቃ የምታህል ሣጥን እንፈልግ ነበር። ስልካችን ደርሳችኋል ይለናል፤ ሣጥኗ ግን የለችም። ከመካከላችን አንዱ ዘመዱ ከውጭ አገር ያመጣለትን የብረት መፈለጊያ መሣሪያ፣ በተለምዶ ዲቴክተር የምንለውን፣ ይዞ ስለነበር ክቡን ጠፍጣፋ ራሱን ከደረቀው ቅጠል በላይ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ጮኸ። ቆፈርን፤ የዛገ ቆርኪ ወጣ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ጮኸ፤ አሁንም ቆፈርን፤ የተጣመመ ምስማር ነበር። ሦስተኛውን ጉድጓድ ስንጀምር የማሳው ባለቤት፣ በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ሰው፣ ከኋላችን ቆመው «ኢጆሌ (ልጆች)፣ ምን ጠፋባችሁ?» አሉን።

ፈቃድ አልጠየቅናቸውም ነበርና መልስ አጣን። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ብለን የመጣንበትን ስንነግራቸው አልተቆጡም፤ ጎንበስ ብለው ከጉድጓዱ አፍ እንደ ክር የቀጠኑ የተበጠሱ የቡና ሥሮች አነሡና በመዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ መዳፍ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በስብስባችን ውስጥ ገንዘብ አዋጥተን ሁለተኛ ዲቴክተር እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ እኔ ሁለተኛው ሊገዛ ቀርቶ የመጀመሪያውም ቤት መዋል አለበት ባይ ነኝ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ጂኦካሺንግ አንድ ሰው ትንሽ ሣጥን ደብቆ ቦታውን በጂፒኤስ፣ ማለትም ቦታን በሳተላይት በሚለየው ሥርዓት፣ ቁጥር ለሌሎች የሚያሳውቅበት፣ ሌሎች ደግሞ ቁጥሩን ተከትለው ሄደው ሣጥኑን ሲያገኙ በውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስማቸውን ጽፈው ወደ ነበረበት የሚመልሱበት ጨዋታ ነው። ከሣጥኑ አንዳች ነገር የወሰደ በዋጋ የሚመጣጠን ወይም የሚበልጥ ነገር ይተካል። የአሜሪካ መንግሥት ሆን ብሎ በጂፒኤስ ላይ ይጨምረው የነበረውን ስሕተት በ1992 ዓ.ም. ሚያዝያ ሲያነሣ፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በዚያው ሳምንት፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ በኦሪገን ግዛት አንድ ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን ይፋ አደረገ። ጨዋታው የተጀመረው እንዲህ ነው።

የዲቴክተሩ ደጋፊዎች የሚያነሡት ችግር እውነት ነው። ሰማዩ በተገለጠበት ሜዳ ላይ እንኳ የስልክ ጂፒኤስ እስከ አምስት ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ የአምስት ሜትር ስሕተት ማለት ደግሞ ወደ 80 ካሬ ሜትር የሚጠጋ መሬት ማሰስ ማለት ነው። በዋንዛና በሳሳ ጥላ ሥር፣ የሳተላይቱ ምልክት በቅጠልና በቅርንጫፍ በሚደናቀፍበት የቡና ማሳ ውስጥ፣ ስሕተቱ ከዚህም ይብሳል። አዲስ ጀማሪ ሁለት ሰዓት ፈልጎ ባዶ እጁን ሲመለስ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም።

ነገር ግን መሣሪያው ለዚህ ችግር መድኃኒት አይደለም። ዲቴክተር በጥቅልል ሽቦው አማካይነት ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ በአቅራቢያው ብረታ ብረት ካለ በብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፣ ያ ጅረት የራሱን መስክ ይመልሳል፣ መሣሪያው የሚጮኸውም ይህን ምላሽ ሲሰማ ነው። ፕላስቲክና እንጨት ምላሽ የላቸውም። ከምንፈልጋቸው ሣጥኖች አብዛኞቹ ደግሞ ፕላስቲክ ናቸው። በዚያ እሑድ ሣጥኗ በመጨረሻ የተገኘችው ከመጀመሪያው ጉድጓዳችን ሰባት እርምጃ ርቃ፣ በራሳችን ቁመት ልክ በዋንዛ ቅርንጫፍ መንታ ላይ ነው፤ መሣሪያው ቀኑን ሙሉ መሬት ለመሬት ቢዞር ስለ እርሷ አንድም ድምፅ ባላሰማን ነበር።

አፈሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የጅማን አፈር ቀይ ያደረገው በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ዲቴክተር እንዲህ ባለ መሬት ላይ በጥንቃቄ ካልተስተካከለ ምንም በሌለበት ይጮኻል፣ ጩኸቱን ለማብረድ የመስማት ኃይሉ ሲቀነስ ደግሞ ጥልቅ ያለውን ያጣል። ደህና የሚባል መሣሪያ ሳንቲም የሚያህል ነገር የሚያገኘው ከሃያ እስከ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ነው። ቡና ምግቡንና ውኃውን የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች የሚበዙትም በዚሁ በላይኛው ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። መሣሪያው ቆፍሩ በሚለን ልክ ሥሩ አለ ማለት ነው፤ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢም በዚያ ሥር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አንድ ወዳጄ የኡልመር ባልዲ ራሱ በከፊል ተቀብሮ አልነበረም ወይ ሲል ይሞግተኛል። አዎ፣ በከፊል ተቀብሮ ነበር። ጨዋታው ከተስፋፋ በኋላ ግን ሣጥን ለመደበቅም ሆነ ለማግኘት ያለ ባለይዞታው ግልጽ ፈቃድ መሬት መቆፈር በጨዋታው ሕግ ተከልክሏል፤ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥም ዲቴክተር መጠቀም ይቅርና ይዞ መገኘት እንኳ ክልክል ነው። መቆፈር ከተከለከለ፣ ከአፈር በታች ያለውን ለማግኘት የተሠራ መሣሪያ በእጃችን ምን ይሠራል?

እዚህ ጅማ ደግሞ ከአፈር በታች ያለው ነገር የማንም መጫወቻ አይደለም። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ከዚሁ ከጅሬን ሆነው ነው፤ ከተራራው ግርጌ ያለው የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት፣ ማርትሬዛ ብር ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወርበት ነበር። 28 ግራም የሚመዝን የብር ገንዘብ አፈር ውስጥ ቢኖር ዲቴክተር አጥርቶ ይጮኽለታል። ቆፍሮ የሚያወጣው ሰው ብሩን ሊያገኝ ይችላል፤ ብሩ ከምን ጋር፣ በየትኛው የአፈር ንብብር፣ በማን ደጃፍ እንደ ነበር የሚናገረውን ማስረጃ ግን በዚያው ቅጽበት ያጠፋዋል፤ ባለሙያ ኋላ ቢመጣም መልሶ አያገኘውም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ለመፈለግ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አዋጁ የወጣው ኡልመር ባልዲውን በደበቀ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከዚህም ሌላ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጣሊያን ጦር እጅ የወጣችበትን ዘመን እናስብ። ከዚያ ጊዜ የቀረ ጥይት ወይም ፈንጂ በዚህ መሬት ውስጥ የለም ብሎ ማን ይምላል? ዲቴክተር ቆርኪን ከፈንጂ ለይቶ አይነግረንም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ወሬው ነው። በሳምንቱ ስኳር ይዘን እኚያን አባት ይቅርታ ልንጠይቅ ስንመለስ አራተኛ ጉድጓድ አሳዩን፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ በዶማ የተቆፈረ፣ ከጎኑ አንድ የቡና ተክል የወደቀበት። የእኛ አልነበረም። መሣሪያው ጮኸ የሚለው ነገር በሰፈሩ ሲዞር ጣሊያን የቀበረው ወርቅ ተገኘ ወደሚል ተለውጦ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሌሊት መጥቶ ኖሯል። ዶማውን ያነሣነው እኛ አይደለንም፤ መንገዱን ያሳየነው ግን እኛ ነን።

ዲቴክተር ጨርሶ አይጠቅምም አልልም። ገበሬ ማረሻው ሣር ውስጥ ቢጠፋበት፣ ወይም ሣጥን የደበቀ ሰው የራሱ የቆርቆሮ ሣጥን በጎርፍ ተወስዶ ከቅጠል በታች ቢቀርበት፣ ባለይዞታው ፈቅዶና አብሮ ቆሞ፣ አፈር ሳይነካ መሣሪያውን መጠቀም ነውር የለውም። ለፍለጋው ግን የሚሻለው ሌላ ነው። ደባቂው ቁጥሩን አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በተለያየ ሰዓት ደጋግሞ ወስዶ አማካዩን ይያዝ፤ ፍንጩንም አጥርቶ ይጻፍ። ፈላጊው ስልኩ እስኪረጋ ይታገሥ፣ ከሁለት ከሦስት አቅጣጫ ይቅረብ፣ ከዚያም ስልኩን ኪሱ ከትቶ የሰው እጅ የሚደርስበትን የግንድ ፍንጭትና የድንጋይ ካብ በዓይኑ ይፈልግ።

ለዲቴክተሩ ሊዋጣ የታሰበው ገንዘብ ሣጥኑ ምን እንደሆነና ማን እንዳስቀመጠው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚያስረዳ ወረቀት ይታተምበት ብዬ አመልክቻለሁ፤ አንዱ ቅጂ በየሣጥኑ ውስጥ፣ ሌላው በባለይዞታው እጅ እንዲሆን። ለጊዜው በእጃችን የጻፍነውን የመጀመሪያውን ለእኚያ አባት ሰጥተናቸዋል። ሣጥኗም ከዋንዛው ወርዳ አሁን እርሳቸው ራሳቸው በመረጡላት ቦታ፣ ከደጃቸው በሚታይ የአጥር ምሰሶ ላይ ታስራለች።