ዶክተር ከሆንክ ለምን አትጨርስም?

አክስቴ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ጥያቄዋ አይለወጥም። «አንተ ልጅ፣ ትምህርቱ አላለቀም?» አልቋል እላታለሁ። «ታዲያ ዶክተር ነሃ! እስቲ ለዚህ ጉልበቴ አንድ ነገር ላክልኝ።» ነገር የሚወሳሰበው ይኼኔ ነው።

ሥራዬ ፖስትዶክ ይባላል። አሜሪካ፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነኝ። ዶክትሬቱን ጨርሻለሁ፣ ፕሮፌሰር ግን አይደለሁም፤ መሃል ላይ ነኝ። ኮንትራቴ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ወይም አይታደስም። ሰው ክትባት ከወሰደ በኋላ ሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አጠናለሁ።

የተከታቢዎች ደም የሚመጣልን ከሰዓት በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ዓርብ (ለምን ሁሌ ዓርብ እንደሚሆን እስካሁን አልገባኝም)። ደም ለነገ ይደር አይባልም። ቱቦ ውስጥ ባለ ወፍራም ፈሳሽ ላይ ደሙን በፒፔት (ፈሳሽ መምጠጫና ማንጠባጠቢያ) ቀስ አድርጌ አንጠባጥባለሁ። እናቴ ቡናው እንዳይደፈርስ ጀበናውን እንደምታዘነብለው ማለት ነው። እጄ ከተንቀጠቀጠና ሁለቱ ከተቀላቀሉ ልፋቴ ገደል ገባ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት በማሽን ይሽከረከራል፤ ሲቆምም ያለ ፍሬን ነው የሚቆመው። ሳወጣው ቀዩ ታች ወርዷል፣ ቢጫው ከላይ ተንሳፍፏል፣ መሃል ላይ ደመና የመሰለች ስስ ነጭ መስመር ትታያለች። የምፈልገው እሷን ነው። ክትባቱን የሚያስታውሱት ነጭ የደም ሴሎች እዚያ ውስጥ ናቸው። እነሱን ለቅሜ፣ ቆጥሬ፣ ለማቀዝቀዝ አዘጋጅቼ ቤት ስገባ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። በኋላ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣሉ።

በዘርፋችን በጣም ከሚወደዱት ክትባቶች አንዱ የቢጫ ወባው ነው። የተሠራው በ1937 እ.ኤ.አ. ሲሆን የሠራው ማክስ ታይለር በ1951 ኖቤል ተሸልሞበታል። ብዙ ተጓዥ የሚያውቀው በቢጫዋ የክትባት ካርድ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን በሽታውን በሌላም እናውቀዋለን፤ ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በገባው ወረርሽኝ ወደ 30,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል።

በዚሁ ክትባት ላይ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አለ። ክትባቱ ያው ነው፤ የተሰጠው ግን ስዊዘርላንድ ሎዛን ላሉና ኡጋንዳ ኢንቴቤ ላሉ ሰዎች ነው። የኢንቴቤዎቹ ምላሽ ደከም ያለ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ክትባቱ ሙቀት መትቶት ነው ይላል። ደማቸው ሲታይ ግን ከመከተባቸው በፊትም የመከላከያ ሴሎቻቸው ሥራ ላይ ነበሩ። ቀድሞውኑ በሌላ ነገር ተጠምደው ነበር። (ክትባቱ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ይሠራል፤ ቢጫዋ ካርድም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ሆናለች።) በአፍ የሚሰጠው የሮታ (ሕፃናትን የሚያስቀምጥ ቫይረስ) ክትባትም በድሃ አገሮች የሀብታሞቹን ያህል እንደማይሠራ ይታወቃል። እኛም ኢትዮጵያ ውስጥ ለልጆቻችን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሰጠነው ነው።

ታዲያ ይኼ ጥያቄ የኛ አይደለም? የጅማ ሕፃን አንጀት ውስጥ ምን አለ? ተደጋግሞ የሚይዘው ተቅማጥ ምን ያደርጋል? እኔ እዚህ ሆኜ ደማቸውን የምመረምራቸው ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈር ወባ የሚባል ነገር እንኳ አይታይም።

እኔ የምለው፣ አገር ቤት እውነተኛ የፖስትዶክ መደብ ይከፈት። እዚያ ዶክትሬቱን ይዞ የተመለሰ ሰው በማግሥቱ አስተማሪ፣ ሳምንት ሳይሞላው የኮሚቴ አባል ይሆናል። ፒፔት የሚይዝበት ሰዓት የለውም። ሦስት ዓመት ማንም ስብሰባ ሳይጠራው አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ እንዲቀመጥ ይፈቀድለት። ደመወዙም ታክሲ የሚያስይዝ ይሁን እንጂ። እዚህም ቢሆን ያን ያህል አያወላዳም፤ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም በ2024 ለጀማሪ ፖስትዶክ ያወጣው መነሻ በዓመት 61,008 ዶላር ነበር። ትልቅ ከተማ ኪራይ ለከፈለ ሰው የሚተርፍ ነገር አይታየውም።

ዕቃውስ የት አለ የሚሉኝ አሉ። አዲስ አበባ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በሥጋ ደዌ ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ ይኼንኑ የመከላከያ ሴሎች ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ከባዶ አንጀምርም። የሚያስፈራኝ ማሽኑ ሳይሆን ጥቃቅኑ ነው፤ በበረዶ ታሽጎ የመጣ ኬሚካል መጋዘን ውስጥ ወረቀቱ እስኪያልቅ ከሰነበተ የዓመት ሥራ አብሮት ይቀልጣል።

ባለፈው እሑድ ይኼንን ሁሉ ለአክስቴ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ቢከፈት ትመጣለህ?» አለችኝ።

«አመለክታለሁ» አልኳት።

«ማመልከት ደግሞ ምንድነው? ዶክተር አይደለህም እንዴ!»