ጥፋቱ ሁልጊዜ የተኳሹ እጅ ነው ያለው ማን ነው?

ይህ ለወራት ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የቆየ ብሶት ነው። እኔ በምኖርበት በደቡብ ጀርመን በዒላማ ተኩስ ክበብ ታቅፎ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ የሚወዳደር ሰው ጥይቱ ከመሃል በወጣ ቁጥር የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ ጥፋቱ የእጁ ነው። አሠልጣኙም፣ አንጋፋ አባላቱም፣ መሣሪያውን የሸጠለት ነጋዴም «ቃታውን ትነጥቃለህ»፣ «አንጓህ ይላላል»፣ «ትንፋሽህን በወቅቱ አልያዝክም» ይሉታል እንጂ፣ ሽጉጡ ራሱ ተበላሽቶ ይሆን ብሎ የሚጠይቅለት የለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በእርግጥ የእጅ መሆኑን አልክድም። የሚያንገበግበኝ ግን ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። በዚህ ሽጉጥ ሲሊንደር ውስጥ እስከ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የታመቀ አየር አለ። ሬጉሌተሩ ያንን ግፊት ዝቅ አድርጎ ለእያንዳንዱ ተኩስ እኩል አየር ያቀብላል፤ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነችውም የእርሳስ ጥይት በሰከንድ 150 ሜትር ገደማ ፍጥነት ትወጣለች። የሬጉሌተሩ መዝጊያ ሲበላ ግን፣ ተኳሹ ክንዱን አሳርፎ በሚቆይባት ጊዜ ውስጥ አየር ቀስ እያለ ሾልኮ ያልፍና ግፊቱ ከልኩ በላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ከዕረፍት በኋላ የሚተኮሰው የመጀመሪያው ጥይት ፍጥነቱ ከሌሎቹ ይለያል። በሰከንድ 150 ሜትር የምትጓዝ ጥይት ዒላማው ጋ እስክትደርስ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ፍጥነቷ 140 ሲሆን ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ትወርዳለች። ሦስት ሚሊ ሜትር ምን አላት የሚል ካለ፣ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የዒላማው መሃል ክብ ከዳር እስከ ዳር 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ያስታውስ። በ75 ደቂቃ 60 ጥይት በሚተኮስበት ውድድር ጠርዝ ላይ ልታርፍ የነበረችን አሥር ወደ ዘጠኝ ለማውረድ ይህች ልዩነት ከበቂ በላይ ናት። ሰውየው ግን ለወራት አንጓውን ሲያስተካክል ይከርማል፤ ይባስ ብሎም ያልታመመውን አቋሙን ያበላሻል።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው የጥይት ፍጥነት መለኪያ ብቻ ነው። ክበባችን ለኤሌክትሮኒክ ዒላማዎች ብዙ ገንዘብ ሲያወጣ ዓይኑን አላሸም፤ ዋጋው ከአንድ ጥንድ ጥሩ የተኩስ ጫማ የማይበልጠውን መለኪያ ግዙ ሲባል ግን ነገሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆኖ ቀርቷል።

የአየር ማፍሰሱ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ማታ ሞልቼ ያስቀመጥሁት ሲሊንደር ጠዋት የግፊት መለኪያው ወርዶ አገኘዋለሁ። ሲሊንደሩን ከሽጉጡ ፈትቼ ውኃ ውስጥ ነከርሁት፤ አንዲት አረፋ አልወጣችም፤ ስለዚህ የሚያፈሰው ሽጉጡ ነው ማለት ነው። ቀጥሎም ጥይት ሳላስገባ፣ ጥይት በሚገባበት አፍ ላይ ስስ የሶፍት ቁራጭ ጣል አድርጌ ቃታውን ሳብሁ፤ ወረቀቱ ብድግ አለ። እዚያ ያለው የጎማ ቀለበት ሲተኮስ አየር ወደ ኋላ እያስመለጠ ነበር፤ ይህ እንግዲህ ከሌሊቱ መፍሰስ የተለየ ሌላ ጉድለት ነው። በመብራት ሥር በማጉያ መነጽር ሳየው፣ ድቡልቡል መሆን የነበረበት ጎኑ ጠፍጥፏል፤ በጠፈጠፈውም ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል። ዋጋው ሳንቲም የሆነ ጎማ ነው። ወደ ጥገና ቤቱ ደውዬ ቀለበቱን እንዲሸጡልኝ ብጠይቅ፣ ለብቻው አይሸጥም፤ ሽጉጡን በሙሉ ልከህ ጠቅላላ ሰርቪስ ይደረግለት፤ ወረፋውም ሳምንታት ይፈጃል አሉኝ። ይህ የሚነገረኝ የሊግ ውድድሩ በሚጧጧፍበት በኅዳር ወር ነው። ልኩን ብቻ ንገሩኝ፣ ከሌላ ቦታ እገዛለሁ ብላቸውም እሺ አላሉም።

ጥንቃቄያቸውን አልንቅም። 200 ባር የሚሸከመውን የሬጉሌተሩን ክፍል ያልተማረ ሰው እንዲፈታው እኔም አልመክርም፤ ሰው ሊጎዳ ይችላልና። ሲሊንደሩ ከተሠራ 10 ዓመት ሲሞላው ውድድር ላይ እንዳይቀርብ የሚከለክለውንም ሕግ፣ ኪስ ቢያሳምምም፣ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። የጥይት መግቢያው ቀለበት ግን ሽጉጡ ካልተተኮሰ በቀር ምንም ግፊት አያገኘውም። ሲሊንደሩን ፈትቶ፣ የቀረውን አየር ባዶ ተኩሶ አስወጥቶ፣ አሮጌውን በእንጨት ስንጥር አንስቶ አዲሱን በጣት መጫን ማንም ጠንቃቃ ተወዳዳሪ የሚሠራው ሥራ ነው። ብረት ነክ መሣሪያ ካልተጠቀመ መቀመጫውንም አይቧጭረውም። በዚህ በዚህ ደኅንነትን ማሳበብ ደንበኛን ማሰር ነው።

ዕውቀቱ ሲደበቅ ደግሞ ቦታውን የሰፈር ወሬ ይይዘዋል። በክበቡ «መሣሪያ ዘይት ይወዳል» እያሉ ተራ የሚረጭ ዘይት የሚያቀብሉ ደግ ሰዎች አሉ። ምክሩ ለባሩድ መሣሪያ የሚሠራውን ያህል ለአየር ሽጉጥ አይሠራም፤ እንዲህ ያለው ዘይት አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል፣ በከፍተኛ ግፊት ካለ አየር ጋር ሲገናኝም ሊቀጣጠል ይችላል። አምራቹ የሚመክረውን ቅባት፣ እርሱንም በስሱ፣ ከመቀባት ሌላ ምንም አያስፈልግም። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ ከሽጉጡ ጋር በሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል?

በሚቀጥለው የክበባችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የፍጥነት መለኪያው እንዲገዛ በጽሑፍ አመለክታለሁ። ከማመልከቻው ጋር አንድ ጥያቄ አያይዛለሁ፤ የማንኛውም አባል ውጤት ያለምክንያት ሲወርድ፣ አሠልጣኙ ስለ አንጓው ከመናገሩ በፊት አሥር ጥይት በመለኪያው ላይ ይተኮስ፣ ከዚያም ለጥቂት ደቂቃ አርፎ አንድ ይደገም። የመጨረሻው ፍጥነት ከአሥሩ ርቆ ከተገኘ አባሉ እጁን ማረም ትቶ ሽጉጡን ያስጠግን።