ማስተካከያ፦ ሰዓት መሳል ያቃተው ሽማግሌ ሁሉ ዲሜንሺያ የለበትም

ሰሞኑን በየቴሌግራሙ የሚዞረው መልእክት «አባታችሁን ቀኑን ጠይቋቸው፣ ሰዓት እንዲስሉ አድርጉ፤ ከተሳሳቱ ዲሜንሺያ ነው» ይላል። አይደለም። ዲሜንሺያ ማለት የማስታወስና የማሰብ ችሎታ እየተዳከመ የሚሄድበት የአንጎል ችግር ነው። ሐኪሞች እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ግን ብቻውን ምርመራ አይሆንም። እስክሪብቶ ይዘው የማያውቁ እናት ክብ ውስጥ 12 ቁጥር ደርድሩ ሲባሉ ግራ ቢገባቸው ምን ይገርማል? አሜሪካ ያለ ሐኪም ዓመቱን ሲጠይቃቸው በኛ አቆጣጠር 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ቢመልሱ፣ የጠዋቱን 9 ሰዓት «3 ሰዓት» ቢሉ፣ የሚያስረዳላቸው ከሌለ ነጥብ ይቆረጥባቸዋል።

መታየት ያለበት ድሮ የሚችሉት ነገር አሁን አቅቷቸው እንደሆነ ነው። የዕቁብ ሂሳብ በቃላቸው ይይዙ የነበሩት ሴትዮ ዛሬ መልስ መቁጠር ከከበዳቸው፣ እሱ ይነገር።

«መድኃኒት የለውም፣ ሐኪም ቤት አትድከሙ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። ዋነኛውን የዲሜንሺያ ዓይነት፣ አልዛይመርን፣ የሚያድን መድኃኒት የለም፣ እውነት ነው። ግን የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ችግር፣ ድብርት፣ አንዳንድ የእንቅልፍ ኪኒን ሳይቀር ዲሜንሺያ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነዚህ መላ አላቸው። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከተምታታባቸውማ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ነገ ሳትሉ ውሰዷቸው። የሚውጡትን ኪኒን ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።